አዱሬና ለጋው ቅቤ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2001

የክትባት ቀን። አሥራ አራት ሕፃን ከተብኩ። አንዱ ጣቴን ነከሰኝ፣ ሌላው ቀሚሴ ላይ ሸናብኝ። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር... አለ እንጂ! እሱን ልጽፍ አይደል የተቀመጥኩት።

ጠዋት ጤና ኬላው ስደርስ ደጃፉ ላይ የዘይት ካርቶን ተቀምጧል። ከውስጡ ለቅሶ ይሰማል። ሕፃን ጥለው የሄዱ መሰለኝ፣ ወላሂ። ብከፍተው... ድመት! ከመዳፌ የማትበልጥ፣ ግራጫ፣ ዓይኗ ገና በቅጡ ያልተገለጠ። ስትጮህ ፊቷ በሙሉ አፍ ይሆናል።

ማን ጣላት? ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈው ይስቃሉ። ከሁሉም የባሰችው ሁዳ ናት። የሦስት ልጆች እናት፣ በቀበሌው እሷን የሚያህል ተረበኛ የለም። "ሶፍያ፣ ያንቺ ታካሚ ናት! ካርድ አውጪላት እንጂ!"

እስከ ማታ ወሳጅ ለመንኩ። "ቤታችን አለች።" "ጫጩት አለን።" "ባሌ አይወድም።" ማሽላ ሲያጭዱ ውለው የሚመለሱትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ "አገዳው ውስጥ ጣያት፣ አይጥ እየበላች ትኖራለች" አለኝ። በየትኛው ጥርሷ?

እና አሁን አልጋዬ ሥር ናት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ዶሮ እንኳን አሳድጌ አላውቅም። እናቴ ባቲ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ እኛ ቤት ድመት ማለት ሌባ ማለት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ አሥራ ስድስቱን የጤና ፓኬጅ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ስለ ድመት አንድ መስመር የለበትም።

ምን ትበላለች ግን?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

የላም ወተት በሰሃን ሰጠኋት። አፍንጫዋን ነከረች፣ አስነጠሳት፣ ከነፊቷ ተደፋችበት። ጨርቅ ነክሬ ሰጠኋት። ጠላችው። ጣቴን ነክሬ ሰጠኋት። ጣቴን ጠባች፣ ወተቱ ግን በአገጯ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ስንታገል ቆይተን ድንገት ትዝ አለኝ... ሲሪንጅ! ቦርሳዬ ሙሉ ሲሪንጅ ይዤ! መርፌውን ነቅዬ፣ በከንፈሯ ጥግ ጠብ... ጠብ... ዋጠች! ሦስት ሚሊ! ሦስት ሙሉ ሚሊ! ጮህኩ። እማ ረቢአ እሳት የተነሳ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

እማ ረቢአ ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው። ከልጃቸው ሚስት ከነኢማ ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሙሀመድኑር የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብናየው ነው። ነኢማ የመጀመሪያዋን አርግዛ ሰባት ወር ጨርሳለች። እና ሁለቱም ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ቲያትር እንደሚያይ ሰው።

እማ ረቢአ በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩአት። "አዱሬ ጢቆ፣ ትንሿ ድመት... አላህ አማና፣ አደራውን ሰጥቶሻል። ግን ሳምንት አትቆይም ልጅቷ። ልብሽን አትስጫት።"

ሰጠኋታ። ትናንት ነው የሰጠኋት።

ሉባባ ብዬ ስም መርጬላት ነበር። ማን ሰምቶኝ! ቀኑን ሙሉ "አዱሬ፣ አዱሬ" ሲሏት ዋሉ፣ በኦሮምኛ ድመት በሚለው ስም ቀረች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሌሊት አምስት ጊዜ ተነሳሁ። ሁለቱን እሷ ጮኻ፣ ሦስቱን እኔ ትተነፍሳለች ወይ ብዬ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

አዱሬ ዛሬ ቤት ሠራች! ማለቴ ሠራሁላት። ካርቶኑን ቆርጬ፣ አሮጌ ሹራቤን አንጥፌ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በካልሲ ጠቅልዬ አስተኛሁላት። ጠርሙሱን እናቷ መሰላት መሰለኝ፣ በእጇ እየረገጠች ልትጠባው ሞከረች። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ከመጣች ጀምሮ ዓይነ ምድር አልወጣትም። ትውጣለች፣ ትውጣለች... አይወጣም። 

እማ ረቢአ ሆዷን ዳበሱና ፈረዱ። "አንጀቷ ደርቋል። ለጋ ቅቤ በጣትሽ ስጫት።"

ይኼን ስሰማ ዘልዬ ተነሳሁ። "እማ ረቢአ! ይኼን ነገር ስንቴ ተነጋገርን? ጎጂ ልማድ ነው!"

"ለድመት ነው ያልኩሽ። ለሰውስ ቢሆን? ሙሀመድኑርን በምን ያሳደግሁት ይመስልሻል? እንደተወለደ፣ ጡት ሳይነካ፣ ቢስሚላህ ብዬ በዚች ጣቴ ነው ያቀመስኩት። ቁመቱን አይተሽ የለ?"

ነኢማ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ሙሀመድኑር ሲገባ ግንባሩን በሩ ይመታዋል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬም የለም። ሆዷ ከበሮ ሆኗል። ስነካት ትጮሃለች።

እናቴ ከባቲ የላከችው ለጋ ቅቤ በብርጭቆ ተቀምጧል። አየሁት። ዞር አልኩ። ተመልሼ አየሁት።

ለድመት ነው... ለሰው አይደለም። ፓኬጁ ለሰው ነው የሚለው። በትንሿ ጣቴ ጫፍ፣ የማሽላ ፍሬ የምታህል። ላሰችው! ደግሞም ፈለገች። ደገምኩላት። ከዚያ እርግብግቢቷ ያለ በሚመስለኝ ቦታም ትንሽ ቀባሁ። ይኼን ለምን እንዳደረግሁ አላውቅም። እጄ ነው ያደረገው። እናቴ ታናናሾቼን ስትቀባ እያየ ያደገ እጅ ነው።

እማ ረቢአ በበሩ አይተውኛል። ዞረው ሲሄዱ "እሰይ ልጄ" አሉ። እዚህ ግቢ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው፣ "ልጄ" ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝም አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ወጣላት! አልሐምዱሊላህ! አንድ ሰው በድመት ኩስ እንዲህ ይደሰታል ብሎ ማን ያምናል? ነኢማን ጠርቼ አሳየኋት። እማ ረቢአን ጠርቼ አሳየኋቸው። "አላልኩሽም?" አሉ። ብለውኛል። ማታም ጨመርኩላት።

ቀን ማሽላ ወደሚወቃበት መንደር ወጥቼ አሥራ አንድ ቤት አስተማርኩ። "ለአራስ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን።" ጥፍሬ ሥር የትናንቱ ቅቤ እንዳለ ነው። ሁሉም "እሺ ሶፍያ" አሉ። መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፣ ቅቤ አልሰጠችም፣ አልሰጠችም፣ አልሰጠችም... አሥራ አንድ ጊዜ። ፊቴ ቅንጣት አልተለወጠም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

በዛ። አሁን ደግሞ በዛ። ውኃ ነው የሚወጣት። ሹራቡን ሦስቴ አጠብኩ።

"ቆሻሻው እየወጣ ነው" አሉ እማ ረቢአ። ይሆን?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ጠዋት ስነካት ቀዝቃዛ ናት። አትጮህም። ያ ሁሉ አፍ ዝም አለ። አንገቷን መያዝ አቅቷት በእጄ ላይ ተጠቀለለች። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ ብለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ይኼን ምልክት አውቀዋለሁ። በሕፃን ላይ ባየው ኖሮ እናትየዋን ቆጥቼ፣ ተሸክሜ፣ በሩጫ ጤና ጣቢያ ነበር የምወስደው።

ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ከሚሴ እንስሳት ክሊኒክ ሮጥኩ። ከፊቴ አራት በሬ፣ አንዲት የታመመች ግመል፣ ስምንት ሰው ይሆናል። አንዱ "ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ። "ድመት" አልኩት። ለጎረቤቱ ነገረው፣ ያም ለሌላው፣ ሳቁ እስከ ግመሏ ባለቤት ደረሰ። ግን አሳለፉኝ። አላህ ይስጣቸው፣ እየሳቁ አሳለፉኝ።

ሐኪሙ አያ አብዱልጀባር ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ኮስታራ ሰው። "ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ድመት ታቅፎ የመጣብኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉና ተቀበሉኝ። 

"ምን ሰጠሻት?"

"ወተት።"

"የምን?"

"የላም።"

"ሌላስ?"

"ምንም።"

ዋሸሁ! ዓይናቸውን እያየሁ። እኔ!

አፏን ከፍተው አሸተቱ። አንዴ አሸተቱ፣ ደገሙና አሸተቱ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ያለፈው ወር የቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ ቅቤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ፣ ግንባሯን መቀባቴን ሳይቀር። 

አልሳቁም። "ውሸትሽን ብይዝ ኖሮ ሌላ መድኃኒት ልሰጣት ነበር። ትሞትብሽ ነበር። አሁንም አልተረፈችም። ለመሆኑ ሕፃን ቢሆን እንዲህ ሲያስቀምጠው ምን ታደርጊያለሽ?"

"ኦአርኤስ..."

"እና?"

እና! ጤና ኬላዬ ውስጥ አንድ ካርቶን አለኝ!

የነገሩኝን እንዳልረሳ እጽፋለሁ። እስከ ማታ ወተት የለም፤ በውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ ብቻ፣ በየሩብ ሰዓቱ ጠብታ። ከምንም በፊት ማሞቅ፣ የበረዳት ድመት የዋጠችው አይፈጭላትም። ከዚያ የፍየል ወተት፣ የላም ለዚች ዕድሜ ይከብዳታል። ፈልቶ፣ ለብ ብሎ፣ ትንሽ ትንሽ። በጀርባዋ እንደ ሕፃን አስተኝቼ አጠጣት ነበር፤ ሳንባዋ ይገባል አሉኝ፣ በሆዷ ትተኛ። የዓይነ ምድሯ ነገር ደግሞ... የድመት ልጅ በዚህ ዕድሜ ራሷ አትችልም። እናቷ እየላሰች ነው የምታስወጣት። ከበላች በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ከጭራዋ ሥር ማሸት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። 

ያ ብቻ ነበር። እርጥብ ጨርቅ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ፈቃድ ጠየቅሁ። ታመምኩ አልኩ። እንደ መታመም ነው።

በየሩብ ሰዓቱ ጠብታ። ሆዴ ላይ አስተኝቼ በኩታ ጠቅልያታለሁ። አንዳንዴ የሚመታው የእሷ ልብ ነው የእኔ? አላውቅም። ሽቅብ ታያለች፣ ግን እኔን አይደለም የምታየው።

እማ ረቢአ ከጁምዓ በኋላ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም። ተናድጃለሁ፣ ግን በማን እንደተናደድኩ አጥርቼ አላውቅም። እሳቸው መከሩ፣ ጣቱ ግን የእኔ ነው። የተማርኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። "ዘጠኝ ወልጃለሁ። ያደጉት አምስት ናቸው" አሉ።

ሲሪንጁን አስቀመጥኩት።

"ዘጠኙንም ቅቤ አቅምሻለሁ። ያደጉትንም... ያለፉትንም። ያደጉትን ሳይ ቅቤው ነው እላለሁ። ያለፉትን አላህ ነው እላለሁ። ሌላ ምን ልበል ሶፍያ? ማን ነገረኝ?"

ተነስተው ሄዱ። ስንት ወር ሙሉ ለእኚህ ሴትዮ ጎጂ ልማድ፣ ጎጂ ልማድ ስላቸው ኖርኩ... ስንት እንደቀበሩ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ጮኸች! ያ አስቀያሚ፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት! ማለዳ ላይ ሆዴ ላይ ተነስታ አገጬን ቧጠጠችና ጮኸችብኝ። ከአልጋዬ ዘልዬ ወርጄ ጨፈርኩ፣ እሷን ይዤ፣ ባዶ እግሬን። ነኢማ በዚያ ሆዷ እየሮጠች መጥታ አብራኝ እልል አለች።

የፍየል ወተት ፍለጋ ሰንበቴ ገበያ ልሄድ ነጠላዬን አንስቼ በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ብርጭቆ ተቀምጧል። የፍየል ወተት፣ ትኩስ፣ በሰሃን የተከደነ። የእማ ረቢአ ፍየል ናት፣ ግቢው ውስጥ ያለችው አንዷ። ራሳቸው ጓሮ ናቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። አፍልቼ አምስት ሚሊ አጠጣኋት፣ በሆዷ አስተኝቼ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

በየማለዳው ብርጭቆው አለ። አንድ ቀን አልቀረም።

እርጥብ ጨርቁ ይሠራል! አዋቂ ሆኛለሁ። ሁለቱም ዓይኗ በደንብ ተገልጧል፣ ሰማያዊ ነው። ትሮጣለች፤ ማለቴ ልትሮጥ ትነሳና የኋላ እግሮቿ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የአያ አብዱልጀባር ቃል፣ "ወር ሲሆናት አሸዋ አቅርቢላት፣ ሌላውን እሷ ታውቃለች።" ቦርከና ዳር ሄጄ አሸዋ አመጣሁ፣ በሰፌድ ነፍቼ። ሁዳ አሸዋ ስነፋ አይታኝ "ቤት ልትሠሪ ነው?" አለችኝ። ለድመት መጸዳጃ ነው አልኳት። ለሰው ሁሉ መጸዳጃ ቆፍሩ ስል የምውለው ሳያንስ...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

አሸዋው ውስጥ ገባች። ቆፈረች። ሸናች። ከደነች! ማንም ሳያስተምራት! ቀበሌያችን ውስጥ ከግማሹ አባወራ ትሻላለች።

እሑድ፣ ጥር 3

ዛሬ ከእማ ረቢአ የውዱእ ውኃ ጠጣች። እኔ ደንግጬ ልደፋው ስል እጄን ያዙኝ። "ተይው። የድመት ትራፊ ውዱእ አያበላሽም።" በዚያው ውኃ ታጠቡና ሰገዱ። አዱሬ ስግደቱ እስኪያልቅ መስገጃቸው ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ጠበቀች። ከዚያ ሰላምታውን ሰጥተው ሲጨርሱ በአንድ ጣት ጀርባዋን አሹላት፣ የማያቸው ሳይመስላቸው።

ሥጋ ጀምራለች። የተቀቀለ፣ የደቀቀ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። በርበሬ የሌለው ሥጋ ቤቴ ውስጥ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዛሬ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ሃያ የሚሆኑ እናቶች። ትምህርቱ ስለ ተቅማጥ ነው። አዱሬን በየሦስት ሰዓቱ ስለማበላት በቦርሳ ይዣት መጥቻለሁ። "ለሕፃን ቅቤ..." ብዬ ስጀምር ሁሉም ፊት ያው ሆነ። አውቀዋለሁ ያን ፊት። አፍ "እሺ" ይላል፣ ዓይን ማሽላው ጋ ነው።

ያኔ አዱሬ ከቦርሳው ጭንቅላቷን አወጣች። "አቦ ታካሚሽ ዳነች!" አለች ሁዳ።

ምን ነካኝ? መዝገቡን ዘጋሁት። "ልትሞት ነበር። ቅቤ ሰጥቻት" አልኩ።

አዱሬን ከቦርሳው አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የእናቴን ቅቤ፣ ጣቴን፣ አሥራ አንዱን ቤት ሳስተምር ጥፍሬ ሥር የነበረውን፣ ሐኪሙን መዋሸቴን፣ አፏን ማሽተታቸውን። አፏን ሲያሸቱ ላይ ሁዳ አልቻለችም። በጎኗ ወድቃ ሳቀች። "ሐኪሟ! ራሷ ሐኪሟ! ያ ረቢ!" ሁሉም ተከተሏት። ፊቴ ነደደ። አለቀልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማን ይሰማኛል ብዬ አሰብኩ።

ሳቁ ሲበርድ ከዳር የተቀመጠች ዘሊካ የምትባል ልጅ፣ የመጀመሪያዋን የወለደች፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት፣ ልጇን እያየች "እኔም ሰጥቼዋለሁ" አለች። "ያ ሁሉ ሲያስቀምጠው። አንቺን ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።"

"እኔ ሦስቱንም" አለች ሁዳ። አሁን አልሳቀችም።

ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። ሐኪሙን ለምን እንደዋሸሁ አውቅ የለ? እነሱም ለዚያው ነው። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልተነሳም። ጠየቁኝ! በዘጠኝ ወር አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ የማያውቁ ሴቶች። "ታዲያ ሆዱ ሲደርቅስ?" "እንገር መጥፎ አይደለም?" "አማቴ ካልሰጠሁ ብትልስ?"

የመጨረሻዋን ጥያቄ መዝገቤ ጥግ ላይ ጻፍኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ማሽላ ወደሚወቃበት መንደር ተመለስኩ። ከአሥራ አንዱ ቤት ዘጠኙ ሰጥተዋል። መዝገቡን አርሜ ጻፍኩ። የወሩ ሪፖርት ሲሄድ ተቆጪ አላጣም፤ ያምጣው። እውነተኛ ቁጥር ሳስተላልፍ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ጥር 17

አዱሬ በረሮ ገደለች! አልጋዬ ላይ አምጥታ አስቀመጠችልኝ። አመሰገንኳት፣ ሳታየኝ ጣልኩት።

አያ አብዱልጀባር የትል መድኃኒት ሰጧት። "ሦስት ወር ሲሞላት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አምጫት" አሉ። ካርድ አውጥተውላታል። እውነተኛ ካርድ! ስም አዱሬ፣ ባለቤት ሶፍያ። ሦስቴ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ነኢማ ዛሬ ወገቧን እያሻሸች መጣች። ልቧ ተጨንቋል። እማ ረቢአ ትናንት ከገበያ ለጋ ቅቤ ገዝተው በትንሽ ብርጭቆ አስቀምጠዋል።

"ለምን እንደሆነ ጠየቅሻቸው?"

"አማቴ እኮ ናቸው ሶፍያ። ምን ብዬ? አንቺ ተናገሪልኝ።"

ሄድኩ። ማስተማር ልጀምር አፌን ከፈትኩና... ዘጠኝ ወልደው አምስት ያሳደጉ ሴት ናቸው። መልሼ ዘጋሁት። "እማ፣ ስለ ሕፃኑ ምን አሰቡ?" ብቻ አልኩ።

"አላህ ያውቃል" አሉና ፍየላቸውን ሊያልቡ ሄዱ።

ያ ልጅ ገና ሳይወለድ እንቅልፍ ነሳኝ። አዱሬ በአራት ቀን ነው ያ ሁሉ የሆነችው። ሕፃን ደግሞ... አልጽፈውም።

እሑድ፣ የካቲት 1

ተወለደ! ወንድ! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ!

ምጡ ከማለዳ ነበር። ከጤና ጣቢያ አዋላጇን ጠርቼ አብሬያት ነበርኩ። ረፋድ ላይ መጣ፣ እየጮኸ፣ አፉ ብቻ። አዋላጇ እትብቱን ስታስር እኔ ጠራርጌ በፎጣ ጠቀለልኩት። ነኢማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ዞር ስል እማ ረቢአ ከበሩ ቆመዋል። ብርጭቆው በግራ እጃቸው ነው። የቀኝ ጣታቸው ጫፍ ላይ ቅቤ አለ።

ነኢማ አየችኝ። አዋላጇ አየችኝ። አሥራ ስድስቱም ፓኬጅ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ግን አልተናገርኩም... አልቻልኩም? አልፈለግሁም? የልጅ ልጃቸው ነው። ሕፃኑን አቅፌ አየኋቸው።

ቀርበው ጎንበስ አሉ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጣታቸው ወዳለበት ዞረ፣ ሽታው ጠርቶት።

"ቢስሚላህ" አሉ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

"አዱሬ ያኔ ታማ ነፍስ የዘራችው በስንተኛው ቀን ነበር?"

"በሦስተኛው፣ እማ።"

"እኔ አሁን ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት አንጀት የለኝም" አሉ። "አምስተኛ መቅበር... አራቱ ይበቁኛል።"

ሻሻቸውን ገፋ አድርገው ጣታቸውን በራሳቸው ሽበት ላይ ጠረጉት። እስከ ጫፉ፣ ምንም ሳያስቀሩ። ከዚያ ሕፃኑን ከእጄ ተቀብለው ነኢማ ደረት ላይ አስቀመጡትና "ጡትሽን ስጪው ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብለው ተቆጡ።

ጠባ። በመጀመሪያው ሙከራ! ድምፁ ይሰማል። ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አዋላጇ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ወደ ቤቴ ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። በሩን ስከፍት አዱሬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ያን ጩኸቷን ለቀቀችብኝ። ከጠዋት ጀምሮ አላበላኋትም፣ ጭራሽ ረስቻታለሁ። እውነቷን ነው። ይቅርታ ጠይቄ ሥጋ ቀቀልኩላት።